«አፕ» የሚከተላቸውን የእንግሊዝኛ ግሶች እንዴት ልያዝ?

ጥያቄ፦
ሰላም ወገኖች። ጊቭ አፕ፣ ፒክ አፕ፣ ዩዝ አፕ፣ ሾው አፕ እያልኩ ዝርዝሩን ብሸመድድም ንግግር ላይ ይጠፋብኛል። «ኢት» (it) ደግሞ መሃል ትግባ ወይስ መጨረሻ? ዘዴ ያላችሁ ንገሩኝ፤ ወንድማችሁ ነኝ።

መልስ 1፦
ወንድሜ፣ በፊደል ተራ መሸምደዱን ተወው፤ በትርጉም መድባቸው። አፕ ብዙ ጊዜ ሙልጭ አድርጎ መጨረስን ያመጣል፦ ኢት አፕ (eat up) በልቶ መጨረስ፣ ዩዝ አፕ ተጠቅሞ መጨረስ ነው። እኛ «በልቶ ጨረሰ» ስንል «ጨረሰ» የሚሠራውን ሥራ እዚያ አፕ ይሠራዋል። ሌላው ምድብ መጨመር ነው፦ ስፒድ አፕ፣ ድምፅ ሲሆን ተርን አፕ። ሾው አፕና ካም አፕ ብቅ ማለት ናቸው። ጊቭ አፕን (መተው፣ ተስፋ መቁረጥ) ምድብ ውስጥ ለማስገባት አትድከም፣ ለብቻው ያዘው።

መልስ 2፦
ስለ «ኢት»፦ ተሳቢው ስም ከሆነ ፒክ አፕ ዘ ፎንም ፒክ ዘ ፎን አፕም (ስልኩን ማንሳት) ልክ ነው። ተውላጠ ስም ከሆነ ግን የግድ መሃል ይገባል፦ ፒክ ኢት አፕ። «ፒክ አፕ ኢት» ስህተት ነው፤ ብዙዎቻችን የምንወድቀውም እዚህ ላይ ነው። ከአፕ ቀጥሎ ዊዝ ካለ ደግሞ ብዙ ጊዜ አይከፈልም፦ ፑት አፕ ዊዝ ኢት፣ ኪፕ አፕ ዊዝ ሂም።

መልስ 3፦
አነባበቡም አይረሳ። ፒክ ኢት አፕ ሲባል ጠንከር ተብሎ የሚነገረው አፕ ነው፤ ቃላቱ ተያይዘው «ፒኪታፕ» ስለሚሆኑ ጆሮ ያመልጣሉ። በቀን 3 ግስ ይበቃል። ለእያንዳንዱ አንድ ዓረፍተ ነገር በስም፣ አንድ በ«ኢት» ጻፍና ጮክ ብለህ አንብብ።