የሮም ግምጃ ቤት ቁልፍ በማን እጅ ነበር? የኩዌስተርን ሥራ ለተማሪ ለማስረዳት እገዛ

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። በሮም ሪፐብሊክ የመንግሥት ገንዘብ እንዴት ይወጣ እንደነበር ለ11ኛ ክፍል ተማሪዎች የሚያሳይ ባለሁለት ገጽ ማስተማሪያ እያዘጋጀሁ ነው። ኩዌስተር የሚባለውን ሹም “የገንዘብ ሚኒስትር” ብዬዋለሁ፤ ነገር ግን ሴኔቱም (የሮም ምክር ቤት)፣ ሴንሰሩም (የሕዝብ ቆጠራና የመንግሥት ውል ሹም)፣ ቆንስሉም (የዓመቱ ከፍተኛ ሹም) ገንዘቡ ላይ እጃቸው ስላለበት ሥዕላዊ መግለጫው ተወሳሰበብኝ። ክፍያ ከትእዛዝ እስከ መዝገብ በምን መንገድ ይሄድ ነበር? ኩዌስተርን በአማርኛ በጅሮንድ ብንለውስ ያስኬዳል? ተማሪ በእስክሪብቶ የሚያሰላው እውነተኛ ሒሳብ ካለም ጠቁሙኝ።

ብራና፦ መምህር፣ “ሚኒስትር” የሚለውን አሁኑኑ ይሰርዙት፤ መግለጫውን ያወሳሰበብዎ እሱ ነው። ሚኒስትር በጀት ያቅዳል፣ የወጪ ሐሳብ ያቀርባል። ኩዌስተር በእጁ የነበረው ቁልፍና መዝገብ ብቻ ነው።

ገንዘቡ የሚቀመጠው ሮም ፎረም ውስጥ፣ ከካፒቶሊን ኮረብታ ግርጌ ባለው የሳተርን ቤተ መቅደስ ነበር። ስምንት ዓምዶቹ ዛሬም ቆመዋል። ለምን ሥራ ስንት እንደሚከፈል የሚወስነው ሴኔቱ ነው። ውሳኔው ተጽፎ እዚያው ቤተ መቅደስ ይገባና ይመዘገባል፤ ቤቱ የሳንቲም ብቻ ሳይሆን የሕግና የውሳኔ መዝገብ ቤትም ነበር። ሁለቱ የከተማ ኩዌስተሮች ውሳኔውን አይተው ይከፍላሉ፣ ጸሐፊዎቻቸው በወጪ ይመዘግባሉ። የግሪክ ታሪክ ጸሐፊው ፖሊቢዮስ እንደጻፈው ኩዌስተሮች ያለ ሴኔት ውሳኔ ለማንም መክፈል አይችሉም፤ ቆንስሎች ሲያዝዙ ብቻ ይለያል። ስለዚህ ከቆንስሉ ወደ ኩዌስተሩ አንድ ቀጭን ቀስት ይሳሉ፣ ወፍራሙ ከሴኔቱ ይምጣ።

ሴንሰሩን ከክፍያው መስመር ያውጡት። በአምስት ዓመት አንዴ ተመርጦ 18 ወር ገደማ ይሠራል፤ ግብር የመሰብሰብ መብትንና የመንገድና የሕንፃ ሥራን በጨረታ ያዋውላል። ውሉን እሱ ይዋዋላል እንጂ ሳንቲሙን የሚቀበለውና የሚከፍለው ግምጃ ቤቱ ነው።

ላቲን አንባቢ፦ በጅሮንድ የሚለው ቆንጆ ቃል ነው፣ እኔ ግን አልመክርም። በጅሮንድን የሚሾመው ንጉሥ ነው፣ የሚሽረውም እሱ። ኩዌስተርን የሚመርጠው የሕዝብ ጉባኤ ነው፤ በዲሴምበር 5 ሥራ ይጀምራል፣ ዓመት ሲሞላው ይወርዳል። የት እንደሚመደብ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በዕጣ ነው፦ አንዱ ከተማ ይቀራል፣ ሌላው ከጦር አዛዥ ጋር ይዘምታል፣ ሌላው ጠቅላይ ግዛት ይወርዳል። ሲሲሊ ለብቻዋ ሁለት ነበሯት፤ ፖለቲከኛውና ተናጋሪው ሲሲሮ በ75 ከክርስቶስ ልደት በፊት (ከክ.ል.በ.) በዕጣ የደረሰው እዚያው ሲሲሊ ያለችው ሊሊቤዩም ነው። “ኩዌስተር” ብለው ይተዉትና አንዴ “የግምጃ ቤት ሹም” ብለው ይፍቱት።

ቁጥራቸውንም ያስገቡ። መጀመሪያ 2 ነበሩ፣ በ421 ከክ.ል.በ. 4 ሆኑ፣ አምባገነኑ ሱላ በ81 ወደ 20 አሳደጋቸው። ሱላ ኩዌስተር የሆነ ሁሉ ሴኔት እንዲገባ ስላደረገ፣ ሹመቱ የፖለቲካ መግቢያ በር ሆነ።

ሒሳብ መርማሪ፦ ለምሳሌው በኋላ የሲሲሊ ገዥ ሆኖ በዝርፊያ የተከሰሰውን የቬሬስን ሒሳብ ይውሰዱ። በ84 ከክ.ል.በ. የቆንስል ካርቦ ኩዌስተር ነበር፤ ሲሲሮ በ70 ሲከሰው ለክሱ በጻፈው ንግግር ውስጥ ሒሳቡን ጠቅሶበታል።

ገቢ፦ 2,235,417 ሴስተርስ (የሮም ገንዘብ)።
ወጪ፦ ለወታደር ደመወዝ፣ ለእህል፣ ለአዛዡ ረዳቶች፣ ለምክትል ኩዌስተር፣ ለአዛዡ አጃቢ ጭፍራ፣ በጠቅላላው 1,635,417።
ከወጪ ቀሪ፦ አሪሚኑም ከተማ የተተወ 600,000።

ተማሪዎቹ ይቀንሱት፤ ልክ ይመጣል። ከዚያ ምን እንደጎደለ ይጠይቋቸው። አምስት የወጪ ዓይነት በአንድ ድምር ታጭቋል፤ ለእህል ስንት፣ ለደመወዝ ስንት እንደወጣ አይታወቅም። ቀን የለም፣ ተቀባይ የለም። ገቢውም ወጪውም በ417 አልቀው ቀሪው ድፍን 600,000 መሆኑ ራሱ መርማሪን የሚያስቆም ነገር ነው። ድምሩ ገጠመ ማለት ገንዘቡ በቦታው አለ ማለት አይደለም።

በ59 ከክ.ል.በ. የወጣው የዩልዮስ ቄሳር ሕግ ሒሳቡ በጠቅላይ ግዛቱ ሁለት ከተሞች ሁለት ቅጂ እንዲቀመጥና ሦስተኛው ሮም ግምጃ ቤት እንዲገባ አዘዘ። አንዱን የፋቀ ከሌሎቹ ጋር ሲመሳከር ይያዛል።

ጠያቂ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ ነገር ግን፦ የ30 ዓመት ወጣት በዕጣ ተመድቦ በአንድ ዓመት ይህን ሁሉ መዝገብ እንዴት ያውቀዋል?

ብራና፦ አያውቀውም፤ ችግሩም እዚያው ላይ ነው። ኩዌስተሩ ሲቀያየር ጸሐፊዎቹ ከዓመት ዓመት ይቆያሉ፤ የትኛው ዕዳ እንዳልተከፈለ፣ የትኛው ውሳኔ እውነተኛ እንደሆነ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ፖለቲከኛው ታናሹ ካቶ ግን እንደ ግሪካዊው የሕይወት ታሪክ ጸሐፊ ፕሉታርክ አተራረክ ሹመቱን ከመያዙ በፊት ሕጉን አጥንቶ ገባ። አንዱን ጸሐፊ አባረረ፣ ሌላውን ከሰሰ፣ የቆየ ዕዳ ሰበሰበ፣ መንግሥት ያለበትንም ከፈለ። አጠራጣሪ ውሳኔ ሲቀርብለት ቆንስሎቹ ራሳቸው መጥተው ካልማሉ አልመዘግብም አለ። ከወረደ በኋላም አገልጋዮቹን በየቀኑ እየላከ ሒሳቡን ያስገለብጥ ነበር። ለዚህ ጥያቄ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ሒሳብ መርማሪ፦ መግለጫው ላይ “ሪፐብሊክ” ብለው በጉልህ ይጻፉ። በኋላ በነገሥታቱ ዘመን ነገሩ ተቀይሯል፦ በ28 ከክ.ል.በ. አውግስጦስ ግምጃ ቤቱን ከኩዌስተሮች ወስዷል፤ ቀላውዴዎስ በ44 ዓ.ም. መልሶላቸው ነበር፣ ኔሮን በ56 ዳግም ነጠቃቸው። እነዚህ ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ 7 ወይም 8 እንዳይቀንሱባቸው።