ኩላሊት ለመስጠት የግድ ዘመድ መሆን ያስፈልጋል?

ሄኖክ፦ ታናሽ ወንድሜ ሁለቱም ኩላሊቶቹ ሥራ አቁመዋል። በሳምንት ሦስት ጊዜ ዲያሊሲስ (ደምን በማሽን ማጣራት) መደረግ ሲገባው አቅማችን የፈቀደው ሁለቴ ነው። የእሱ ደም ቢ፣ የእኔ ኤ ስለሆነ የእኔ አይገጥመውም። እህታችን ስኳር አለባት። አብሮ አደጉ ግን «የእኔን ውሰዱ» ብሎ ቆርጦ ተነስቷል። በአገራችን ንቅለ ተከላ ሲሠራ የቆየው ከዘመድ በሚገኝ ኩላሊት ነው። እኔ ባዳም በፈቃዱ መስጠት ይችል እላለሁ። እናንተስ?

ጋሽ መኮንን፦ እግዜር ይማርልህ ልጄ። ግን አልስማማም። ዛሬ አብሮ አደግ ይመጣል፣ ነገ ደላላ ይመጣል። የቤት ኪራይ ያቃተው ወጣት ብር ከተቆጠረለት «ጓደኛው ነኝ» ብሎ አይፈርምም? ኢራንን እዩ። እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ መንግሥት እያወቀ ለሰጪ ይከፈላል። የሚሰጡት በብዛት ድሆች ናቸው። ሀብታም ኩላሊቱን ለድሃ ሲሸጥ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

ሲስተር ትዕግስት፦ የምሠራው ዲያሊሲስ ክፍል ነው። ታካሚዎቼ ውሃ እንደልብ አይጠጡም፤ ጥማቱ ሲብስባቸው በረዶ ይመጠምጣሉ። ስለዚህ ሄኖክ ለምን እንደቸኮለ ይገባኛል። ጋሽ መኮንን፣ የእርስዎም ስጋት ትክክል ነው። ግን ዘመድ ሁሉ በነፃነት ይሰጣል ያለው ማነው? ቤተሰብ ተሰብስቦ አንዷን ልጅ «አንቺ አላገባሽ፣ አልወለድሽ፣ ምን ትሆኛለሽ?» ሲላት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሰጪ ሥጋ ዘመድም ይሁን ባዳ፣ ቤተሰብ በሌለበት ለብቻው ይጠየቅ። «አልሰጥም» ካለ ደግሞ ሐኪሙ «አይመጥንም» ብሎ ይሸፍንለት።

ዳዊት፦ በሕይወት ያለ ሰው ላይ ምን አስጨነቀን? የዓይን ባንካችን ከ2003 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከሟቾች ብሌን እየሰበሰበ ነው። ኩላሊትም እንደዚያ ይሁን።

ሲስተር ትዕግስት፦ ዳዊት፣ ብሌን ልብ ከቆመ ከሰዓታት በኋላም ይወሰዳል። ኩላሊት ግን አይጠብቅም። በአብዛኛው የሚገኘው አንጎሉ ሞቶ በማሽን ከሚተነፍስ ሰው ነው። ጽኑ ሕሙማን ክፍል፣ የአንጎል ሞትን የሚያረጋግጥ ቡድን፣ ልቡ እየመታ «ሞቷል» ሲባል የሚቀበል ቤተሰብ ይጠይቃል። ይምጣ፤ ግን ለሄኖክ ወንድም አይደርስለትም።

ቤቲ (ከቴል አቪቭ)፦ እዚህ እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣው ሕግ የሰውነት ክፍል መነገድ ወንጀል ነው። ሰጪው ግን ከሥራ ለቀረበት ቀን ይካሳል። ደመወዝ መካስና ኩላሊት መግዛት አንድ አይደሉም። ለእኛስ የቀን ሠራተኛ ወንድም ቢሰጥ፣ እስኪያገግም ቤተሰቡን ማን ያበላዋል?

ሄኖክ፦ ጋሽ መኮንን፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ወንድሜ የሚታከምበት ክፍል ደሙ ኤ የሆነ ሰው አለ። ሚስቱ ልትሰጠው ፈቅዳለች፤ የእሷ ደም ቢ ነው። እኔ ለእሱ ብሰጥ፣ እሷ ለወንድሜ ብትሰጥ፣ ቀሪው ምርመራ ከተስማማ ሁለቱም ይድናሉ። አንድ ሳንቲም አይለዋወጥም። ደቡብ ኮሪያ እ.ኤ.አ. በ1991 ጀምራዋለች። «ዘመድ ብቻ» ካልን ግን ይሄም ይዘጋል። እኔ ለሰውየው ባዳ ነኝ።

ጋሽ መኮንን፦ ይሄን አላሰብኩትም ነበር። ልውውጡን እደግፋለሁ፤ ሁለቱም ቀዶ ጥገናዎች በአንድ ጊዜ ይሠሩ፣ ማንም ወገኑ ካገኘ በኋላ እንዳያፈገፍግ። አብሮ አደጉ ላይ ግን አሁንም እፈራለሁ። ብዙ ሕመምተኞቻችን የሚሄዱባት ህንድ እ.ኤ.አ. በ1994 ሕግ አውጥታለች፤ ባዳ ሰጪን የሚመረምር ኮሚቴም አላት። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2008 ዴልሂ አጠገብ ባለችው ጉርጋኦን ከተማ ትልቅ የኩላሊት ንግድ ተጋልጧል።

ሄኖክ፦ እዚያ የተጋለጡት ከኮሚቴው ጀርባ የሠሩት ናቸው እኮ። የወንድሜ ጓደኛ ፊት ለፊት መጥቶ ልጠየቅ እያለ ነው። ከልጅነት ጀምሮ አብረው የተነሱት ፎቶ አለ፣ የሚያውቃቸው ሰፈር አለ። የባንክ ሒሳቡ ይታይ፣ ዕዳው ይጣራ። ይህን ሁሉ አልፎ ከመጣ በምን ምክንያት ነው የሚመለሰው?