በጭፈራ ልምምድ ላይ «ወንድ መስመር፣ ሴት መስመር» ይቅር ወይስ ይቆይ?

አሠልጣኟ፣ ደብረ ብርሃን፦ ሰላም ለሁላችሁ። ልምምዳችን ላይ ሴቶች ይበዛሉ፣ ወንዶች ያንሳሉ። ስለዚህ ሴቶችም «ወንድ መስመር» ላይ ይቆማሉ። «ወንዶች ግቡ!» ስል ግማሹ ይገባል፣ ግማሹ ዓይን ዓይኔን ያያል። አሜሪካ ውስጥ ኮንትራ ዳንስ የሚባል የሕዝብ ጭፈራ አለ። ጥንዶች በረድፍ ይቆማሉ፣ አንድ ሰው እንቅስቃሴውን ይጠራላቸዋል። እዚያም ጥሪው «ወንዶች፣ ሴቶች» ነበር። አሁን ብዙ ቡድኖች በግራ የሚቆመውን «ላርክ»፣ በቀኝ የሚቆመውን «ሮቢን» ይሉታል። ሁለቱም የወፍ ስም ናቸው። ማንም በፈለገው ወገን ይጨፍራል። እኛስ «ግራ መስመር፣ ቀኝ መስመር» ብንል ምን ይመስላችኋል?

ከመንዝ፦ እኔ አልስማማም ልጄ። ጭፈራው ራሱ የወንድና የሴት አለው። ወንዱ ዱላውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ ደረቱን ነፍቶ ይገባል። ሴቷ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ በአንገቷ ትመልስለታለች። ስሙን ካነሳችሁት ነገ ልጆቹ ልዩነቱም ይጠፋባቸዋል።

ከደብረ ሲና፦ ጋሼ፣ እንቅስቃሴውን ማን ይነካዋል? የተጠየቀው የመቆሚያው ስም ነው።

ከሸዋ ሮቢት፦ የእኔ ቅሬታ ሌላ ነው። ጠዋት «በቀኝ አውለኝ» ብሎ ከቤቱ የወጣን ሰው «ግራ» ብለሽ ስትጠሪው ቅር አይለውም? በተለይ እናቶች አይወዱትም።

አሠልጣኟ፦ እውነትሽን ነው፣ አሳስቦኛል። ግን ቀኛዝማች እንዳለ ሁሉ ግራዝማችም ነበር። የግራ ክንፍ አዛዥ ማለት ትልቅ ማዕረግ ነው።

ከመንዝ፦ ቀኛዝማች ይበልጣል እኮ።

አሠልጣኟ፦ ይበልጣል ጋሼ። ለዚህ ነው በየዘፈኑ መስመር እንቀያየር የምለው። ዛሬ ግራ የቆመች በሚቀጥለው ዘፈን ቀኝ ትቆማለች። ሁለቱንም ወገን ትለምዳለች።

ከአንኮበር፦ ለምን «አውጪና ተቀባይ» አይባልም? የራሳችን ነው። ዘፈን ሲወጣ አውጪው ወንድም ሴትም ይሆናል። ቅር ያለው ሰው አላየሁም።

አሠልጣኟ፦ ወድጄው ነበር። ግን ያ የድምፅ ሥራ ነው። አውጪዋ ከየትኛውም መስመር ልትሆን ትችላለች። «ተቀባዮች!» ብዬ ስጣራ ሁሉም ዘፈኑን ይቀበላል እንጂ እግሩን የሚያነሳ የለም። የወፍ ስምም እኛ ጋ አይሄድም፤ ሰውን በወፍ ብትጠሪው የሰደብሽው ነው የሚመስለው።

ከደብረ ሲና፦ አንድ ነገር ልጨምር። ስትጠሪ «ተሻገር፣ ተሻገሪ» አትበይ። «ግራ፣ ተሻገሩ!» ካልሽ ሁሉንም ይይዛል።

አሠልጣኟ፦ ልክ ነሽ። ሰውየው ማን እንደሆነ ሳይሆን የት እንደቆመ ነው መጥራት ያለብኝ። ሰርግ ላይ እናቶቻችን እንደለመዱት ይጨፍሩ፣ እዚያ ማንንም አላርምም። ልምምድ ላይ ግን ለመማር የመጣች ልጅ «ወንድ ሁኚ» መባል የለባትም። ስትባል አንገቷን ደፍታ ወደ ኋላ ስትሸሽ አያለሁ፣ ያሳዝነኛል።

ከመንዝ፦ እሺ። ክብ ስትሠሩስ? ክብ ላይ ግራው የቱ ነው?

አሠልጣኟ፦ ጥንዶቹ ፊታቸውን ወደ መሃል ያዞራሉ። ከጓደኛው በስተግራ የቆመው ግራ ነው። ጋሼ፣ ለሚቀጥለው ልምምድ ዱላዎን ይዘው ቢመጡልኝ? ያንን የወንድ አገባብ ለግራ መስመር ያሳዩልኝ። እዚያ የሚቆሙት ሴቶችም በደንብ ይማሩት።