ለድሮ ትምህርት ቤታችን ስኮላርሺፕ ልናቋቁም ነው፣ ግን ለየትኛው ተማሪ?

ለጋምቦ98
ሰላም ወገን ምክር ፈልጌ ነው። በ98 ወሎ አቀስታ 10ኛን አብረን የተፈተንን ልጆች ዘንድሮ ቴሌግራም ላይ ተፈላልገን 42 ደርሰናል፣ በወር 500 500 ብር እያዋጣን ለተማርንበት ትምህርት ቤት ስኮላርሺፕ እናቋቁም ብለን ተስማማን፣ በወር 21 ሺ ብር ማለት ነው። ያልተስማማነው ለማን ይሰጥ የሚለው ላይ ነው። ብዙዎቹ 12ኛ ላይ አንደኛ ለወጡት ላፕቶፕ እንሸልም ይላሉ። እኔ ግን ልቤ እምቢ አለኝ፣ ምክንያቱም እኔ ከገጠር መጥቼ ለአራት አንድ ክፍል ተከራይተን ነው የተማርኩት፣ ቅዳሜ በእግር ወደ ቤት ሄጄ እሁድ ደርቆሽና ሽሮ ተሸክሜ እመለስ ነበር፣ ከአራታችን ሁለቱ 9ኛን ሳይጨርሱ ቀሩ። አንደኛው በሂሳብ ከኔ ይበልጥ ነበር። በልግ ከሸፈና አባቱ ኪራይ መክፈል አቃተው፣ በቃ። ለሱ አይነት ልጅ ላፕቶፑ መቼ ይደርስለታል?

መምህርት ከኩታበር
አብሽር ወንድሜ፣ ልክ ነህ። እኔ ክፍል ውስጥ የማየው እሱን ነው። መስከረም ላይ ሞልቶ የነበረው ወንበር ከጥር በኋላ ይሳሳል፣ ሴቶቹ ደሞ ይብሳሉ፣ ደላላ መጥቶ ጅቡቲ አሻግሬ ሳውዲ አስገባሻለሁ ይላታል፣ ቤት ደግሞ የሚበላ የለም። 12ኛን እንይ ካላችሁም ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ መሰጠት ከጀመረበት ከ2014 ወዲህ እንደ ሀገር ግማሹን ያመጣው በ2014 3.3 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ ነው፣ ስለዚህ ሽልማታችሁን የሚወስድ ልጅ የሚጠፋበት አመት ሊኖር ይችላል። መንግስት ዩኒቨርሲቲ የገባው ደግሞ አብዛኛው ዶርሙንም ምግቡንም በወጪ መጋራት ያገኛል፣ ሲመረቅ ሰርቶ ይከፍላል። 9ኛ ክፍል ላለው ልጅ ግን ይሄ የለም። ኪራይ፣ ደብተር፣ ለሴቶቹ ሞዴስ፣ እዚህ ላይ አውሉት።

ሐይቅ ዳር
በመምህርት ሀሳብ እስማማለሁ፣ እኔ ስለ ብሩ ልንገርህ። እኛም ከአመታት በፊት እንዲሁ ሰብስበን ለአንድ ሰው በእጁ ሰጠን፣ ደረሰኝ የለ ሪፖርት የለ፣ ለየትኛው ልጅ እንደደረሰ ሳናውቅ ተቀያይመን ተበተንን፣ እስካሁን ሰላም የማንባባል አለን። ያሳዝናል። እናንተ እንደ ቅሬ (እድር) አድርጉት፣ ሰብሳቢ፣ ፀሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ፣ የባንክ ሂሳቡ በሶስት ሰው ፊርማ ብቻ የሚወጣ፣ በየወሩ ስቴትመንቱ ግሩፑ ላይ ይለጠፍ። ኪራዩን በቴሌብር በቀጥታ ለአከራዩ ላኩ። ልጆቹን ስትመርጡ ደግሞ ትምህርት ቤቱን ብቻ አትጠይቁ፣ የልጁን ሰፈር ቅሬ ጠይቁ፣ የማን ቤት ጭስ እንደማይወጣ ቅሬው ያውቃል።

የሪያድዋ
እኔ አንዲት ነገር ብቻ። ልጆቹን አሰልፋችሁ ፎቶ እንዳታነሱ በአላህ። እኔ 8ኛ ክፍል ሆኜ በሰልፍ ሰአት ስሜ ተጠርቶ ደብተር ሲሰጠኝ መሬት ተሰንጥቆ ቢውጠኝ ብዬ ነበር፣ ከዛ ቀን በኋላ እረፍት ሰአት ከክፍል አልወጣም ነበር። ስትሰጡ ልጁና ቤተሰቡ ብቻ ይወቁ። እናንተ ጋር ባልማርም ቦታ ካለ በወር 1000 ብር እጨምራለሁ፣ ለሴት ልጅ ይሁን።

ለጋምቦ98
አላህ ይስጥልኝ ሁላችሁም። የሪያድዋ፣ ያልሽውን ለግሩፑ እንዳለ አነበብኩላቸው፣ የሽልማት ስነስርአቱን ሀሳብ ያመጣው ልጅ ራሱ ይቅር አለ። ከመስከረም እስከ ሰኔ ለ15 ልጆች ኪራይ እንጀምር ብለናል፣ 8ቱ ሴቶች፣ የተረፈው ለደብተርና ለሞዴስ። መምህርት፣ አንቱን አንድ ነገር ልጠይቅ፣ መሀል ላይ ውጤቱ የወረደ ልጅ ቢኖር እናቁም ወይስ እንቀጥል?

መምህርት ከኩታበር
እንዳታቆሙ። የወረደበትን ምክንያት ቤቱ ድረስ ሄዳችሁ ጠይቁ፣ ብዙ ጊዜ ርቦት ነው።