ስለ ፋሲል ግቢ ጥበቃ የምናቀርበው የጋራ ሐሳብ፦ የዕቅድ ውይይት

ሰብሳቢ፦ የተከበራችሁ አባላት፣ «የፋሲል ግቢ ጥበቃ» በሚል ርእስ የተዘጋጀው ረቂቅ ደርሷችኋል። ረቂቁ 900 ሜትር በሚረዝመው ቅጥር ውስጥ ስላሉት፣ ከአፄ ፋሲል ግንብ እስከ እቴጌ ምንትዋብ ቤተ መንግሥት ስላሉት ሕንፃዎች ብቻ ይናገራል። ማሻሻያ ያላችሁ እንድትጽፉ እጠይቃለሁ።

አንደኛ አባል፦ ክቡር ሰብሳቢ፣ ርእሱ የጠበበ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው «ፋሲል ግቢ፣ የጎንደር አካባቢ» ተብሎ ሲሆን፣ ከግቢው ሌላ የፋሲል መዋኛን፣ ቁስቋምን፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴን፣ ከከተማው ርቀው የሚገኙትን ጎርጎራንና የጉዛራን ቤተ መንግሥት ጭምር ያካትታል። የጉዛራ ግንብ ከጎንደር መቆርቆር በፊት በአፄ ሠርፀ ድንግል ዘመን የተሠራ ነውና፣ እሱን ትቶ ስለ ፋሲል ግንብ መጻፍ ታሪኩን ከወገቡ መጀመር ነው።

ሁለተኛ አባል፦ በግንባታ ሙያ የቆየሁ እንደመሆኔ፣ የቀዳሚውን አባል ሐሳብ ብደግፍም ለሁሉም ቦታ ጥገና ከጠየቅን ሰነዳችን የስም ዝርዝር ሆኖ እንዳይቀር እሰጋለሁ። ስለዚህ ጥናቱ ሁሉንም ያካትት፤ የጥገናው ጥያቄ ግን ከመዋኛው ይጀምር። በመዋኛው አጥር ላይ የተጠመጠሙት የዛፍ ሥሮች ለጎብኚ ፎቶግራፍ ያማሩ ቢሆኑም፣ ሥሩ ሲወፍር ድንጋዩን ይፈነቅላል፤ በችኮላ ቢቆረጥ ደግሞ በሥሩ ተደግፎ የቆመው ክፍል ሊናድ ይችላል። ሥሩን በየዓመቱ እየለካ የሚከታተል ባለሙያ መመደብ አለበት። ለመገጣጠሚያውም ኖራ እንጂ ሲሚንቶ እንዳይገባ በግልጽ ይጻፍልኝ፤ ሲሚንቶ እርጥበቱን አፍኖ በመያዝ አሮጌውን ድንጋይ ከውስጥ ይጎዳዋል፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን በግንቦቹ ላይ የተደረገው እድሳትም በኋላ መታረም ያስፈለገው በዚሁ ምክንያት ነው።

ሦስተኛ አባል፦ በዚህ ላይ አንድ ነገር ይታከል። መዋኛው ከቀሃ ወንዝ በሚመጣ ውኃ ተሞልቶ ጥምቀት የሚከበርበት ሕያው ስፍራ ስለሆነ፣ የሥራው መርሐ ግብር ከበዓሉ ዝግጅት ጋር እንዳይጋጭ ካህናቱ ገና ከጅምሩ ሊማከሩ ይገባል።

ሰብሳቢ፦ ሦስቱም ማሻሻያዎች በረቂቁ ይገባሉ። ርእሱ በተመዘገበበት ስም ይስተካከላል፤ የመዋኛውን ክፍል ሁለተኛው አባል፣ የበዓሉን አንቀጽ ደግሞ ሦስተኛው አባል ጽፈው እንዲልኩልን እንጠብቃለን።

አንደኛ አባል፦ እኔም የጉዛራንና የጎርጎራን ክፍል እጽፋለሁ፤ አጭር እንደማደርገውም ለባለሙያው አባላችን ቃል እገባለሁ።