የዝይ አደን፦ ቦታውና ሰዓቱ እንዴት ይመረጣል?

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። የአደን ፈቃዴን አውጥቼ ወቅቱ እስኪከፈት እየጠበቅሁ ነው። ዝዮቹን በሚያድሩበት ሐይቅ ዳር አድፍጬ ብጠብቃቸው ይሻላል ወይስ ወደሚመገቡበት ማሳ ልሂድ? ከቀኑስ የትኛው ሰዓት ይመረጣል?

መልስ 1፦
ማደሪያቸውን ፈጽሞ አይንኩባቸው። ዝይ የሚያድረው ከአውሬ በሚጠበቅበት ውኃ ላይ ስለሆነ፣ እዚያ የተተኮሰበት መንጋ አካባቢውን ጨርሶ ለቆ ሊሄድ ይችላል። ማሳውን ይምረጡ፤ የትኛው ማሳ እንደሆነ የሚነግርዎ ደግሞ የዋዜማው ቅኝት ነው። አመሻሹ ላይ ከውኃው የሚነሣውን መንጋ በርቀት ተከትለው የት እንዳረፈና በየትኛው የማሳው ጥግ ቃርሚያ እንደሚለቅም ልብ ብለው ይመልከቱ፤ ማንም ሳያስደነግጣቸው ጠግበው የሄዱ ዝዮች ብዙውን ጊዜ በማግስቱ ማለዳ ወደዚያው ይመለሳሉና። የባለ መሬቱን ፈቃድ አግኝተው ገና በጨለማ ይግቡ፤ ትኩስ ኩስና ላባ ያለበትንም ቦታ ፈልገው ያድፍጡ።

መልስ 2፦
በዚህ እስማማለሁ። ሰዓቱን በተመለከተ፣ ዝዮች በአብዛኛው ንጋት ላይና አመሻሽ ላይ ለመብል ይወጣሉ፤ እኩለ ቀን ላይ ወደ ውኃ ይመለሳሉ። ውርጭ በጸናበት ዕለት ግን አርፍደው ስለሚነሡ፣ ፀሐይ ከፍ ስላለች ብቻ ተስፋ ቆርጠው ቦታዎን አይልቀቁ። ብርዱ ሲበረታ ከለምለም ሣር ይልቅ ወደ በቆሎና ወደ ሌላ እህል ያዘነብላሉ። ሙሉ ጨረቃ ባለችበት ሌሊትም ሊመገቡ ስለሚችሉ የማግስቱ ማለዳ አደን ሊቀዘቅዝ ይችላል። የተኩስ ሰዓት በሕግ የሚወሰን መሆኑን አይርሱ፤ ለምሳሌ በአሜሪካ የፌዴራሉ ደንብ በመደበኛው ወቅት የሚፈቅደው ፀሐይ ከመውጣቷ 30 ደቂቃ በፊት ጀምሮ እስክትጠልቅ ድረስ ነው።

መልስ 3፦
ነፋሱ ካልታሰበበት ጥሩ ማሳም አይበቃም። ዝይ ፊቱን ወደ ነፋሱ አዙሮ ስለሚያርፍ፣ ነፋሱ ከጀርባዎ እንዲመጣ ሆነው ይቀመጡ፤ ለማታለያ የሚያስቀምጧቸውን ሰው ሠራሽ ዝዮችም ከፊትዎ መካከሉን ክፍት ትተው ይደርድሯቸው፤ መንጋው እዚያ ባዶ ቦታ ላይ ለማረፍ ይወርዳል። ከ35 ወይም ከ40 ሜትር በላይ ርቆ በሚበር ዝይ ላይ ግን እባክዎ አይተኩሱ፤ ቆስሎ ሄዶ ሲሠቃይ የሚሞት ወፍ እጅግ ያሳዝናል።

ጠያቂው፦
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። አንድ ማሳ ላይ በተከታታይ ቀናት ማደን ይቻላል?

መልስ 1፦
ባይሞክሩት እመርጣለሁ። ከተተኮሰበት በኋላ ዝዮቹ ተመልሰው ያለ ስጋት ሲመገቡ በዓይንዎ እስኪያዩ ድረስ ማሳውን ያሳርፉት፤ እስከዚያው ሌላ ማሳ ይቃኙ።