ጥያቄ፦ እማዬን ይዤ ፓሪስ ላይ የማታ ጀልባ ልሳፈር ነው፤ የቱ ይሻለናል?

የእማዬ ልጅ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። እማዬን ይዤ ፓሪስ ልሄድ ነው። በፈረንጆቹ ሐሙስ ኦክቶበር 23 ገብተን እሁድ 26 እንወጣለን። ሴን ወንዝ ላይ ማታ ማታ የአንድ ሰዓት ጉብኝት የሚያደርጉ ጀልባዎች እንዳሉ አይቻለሁ፤ ግን ምርጫው በዛብኝ።

እማዬ 68 ዓመቷ ነው። ጀልባ ላይ ወጥታ አታውቅም፣ ውሃም ትፈራለች። ጉልበቷን ያማታል፤ ደረጃ ከመውጣት ይልቅ መውረድ ነው የሚከብዳት። የቱ መሳፈሪያ ይሻላታል? በስንት ሰዓት እንሳፈር? ብርዱስ እንዴት ነው? እራት ያለበትን ልያዝ ወይስ ተራውን?

አንድ ነገር ልጨምር። ኖትርዳም ሲቃጠል አብረን በቴሌቪዥን ነበር ያየነው። እማዬ ያን ቀን እራት አልበላችም። ተጠግኖ ተከፈተ ስላት «በዓይኔ ካላየሁ አላምንም» ብላኛለች። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያኑ በደንብ የሚታይበት ጉዞ እንዲሆን እፈልጋለሁ።

የፓሪሱ

እናትሽን ከወዲሁ እንኳን ደህና መጡ በይልኝ። እዚሁ ነው የምኖረው፤ እንግዳ በመጣብኝ ቁጥር ይዤ የምወጣው ወደዚሁ ጀልባ ነው።

ከመሳፈሪያው ልጀምር። ለጉልበታቸው ዋናው ነገር እሱ ነው። ቬዴት ዱ ፖን ኔፍ የሚባለው ጀልባ የሚነሳው ወንዙ መካከል ካለችው ትልቋ ደሴት ጫፍ ነው። ቦታው በጣም ያምራል። ግን ከፖን ኔፍ ድልድይ ላይ፣ ከንጉሥ ሄንሪ አራተኛ የፈረስ ሐውልት ጀርባ፣ የድንጋይ ደረጃ ወርዳችሁ ነው የምትደርሱበት። እሱን ተዪው። ባቶ ፓሪዚየን ከኤፍል ታወር ሥር ነው የሚነሳው። ባቶ ሙሽ ደግሞ ከወንዙ ማዶ፣ አልማ ድልድይ አጠገብ ነው። እኔ ብሆን የመጨረሻውን እይዛለሁ። ወደ ውሃው የሚያወርደው መንገድ መኪና ሳይቀር የሚወርድበት ቁልቁለት ስለሆነ ደረጃ መርገጥ ግዴታ አይሆንባቸውም።

ሜትሮ መስመር 9 አልማ ማርሶ ድረስ ያመጣችኋል። ግን አብዛኛው የፓሪስ ሜትሮ ጣቢያ ሊፍት የለውም፤ ደረጃው ያደክማቸዋል። አውቶቡስ ወይም ታክሲ ያዙ።

የሚያሳዩት ነገር ሁሉም ጋ ተቀራራቢ ነው። በሁለቱ ደሴቶች ዙሪያ ዞረው ይመለሳሉ፤ ኖትርዳም ያለችው በትልቋ ደሴት ላይ ስለሆነ የትኛውንም ብትይዢ ታያላችሁ። ለአዋቂ ከ15 እስከ 20 ዩሮ አካባቢ ነው። ትኬቱን ከመስኮቱ ወይም ከራሳቸው ድረ ገጽ ግዢ። ድልድዩ ላይ ቆሞ ትኬት ከሚያዞር ሰው እንዳትገዢ።

በግራ ልቀመጥ በቀኝ ብለሽም አትጨነቂ። ጀልባው በሄደበት ወንዝ ነው የሚመለሰው። ሲሄድ በቀኝሽ ኦርሴ ሙዚየምን ካየሽ፣ ሲመለስ በዚያው ወንበር ላይ ሆነሽ ከወንዙ ማዶ ያለውን ሉቭር ሙዚየምን ታያለሽ።

ካሜራ ያዥ

ስለ ሰዓቱ እኔ ልናገር፤ የጉዞውን መልክ የሚወስነው ሰዓቱ ነው። ብዙ ሰው «ማታ» ሲባል እኩለ ሌሊት ሊሆን ሲል ይሄዳል። ከሁሉ የሚያምረው ግን ብርሃኑ ሲያልቅ ተነስተሽ በጨለማ ስትመለሺ ነው። ሰማዩ ገና ሰማያዊ ሆኖ የድልድዮቹ መብራት ሲበራ ያለው ያ ግማሽ ሰዓት ምትክ የለውም።

እናንተ ባላችሁበት ሰሞን ፓሪስ ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው 18:40 ገደማ ነው። ስለዚህ የ19:00 ጀልባ ፈልጊ። ሌላም ጥቅም አለው። ኤፍል ታወር ከመሸ በኋላ በየሰዓቱ መግቢያ ላይ ለ5 ደቂቃ ይብለጨለጫል። ከአልማ የሚነሳው ጀልባ መጀመሪያ ወደ ደሴቶቹ ይሄድና ታወሩ ጋ የሚደርሰው መጨረሻ ላይ ነው። ጉዞው አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ያህል ይፈጃል። 19:00 ከተነሳ 20:00 ላይ ታወሩ አካባቢ ትሆናላችሁ። ደቂቃው ሊዛነፍ ይችላል፤ ግን የ19:30ን ከያዝሽ ብልጭታው አንቺ ደሴቶቹ ጋ ሳለሽ ያልፍሻል።

ስልክሽ ላይ ፍላሽ አጥፊ። ከመስታወት ውስጥ ሆነሽ ካነሳሽ ስልኩን መስታወቱ ላይ ለጥፊው፤ አለዚያ የምታነሺው የራስሽን ፊት ነው።

ሶስና

ሰዓትን ካነሳችሁ እኔን የገጠመኝን ልንገራችሁ። አክስቴ ከአገር ቤት መጥታ በዚሁ ጀልባ ልንሄድ ነበር። ከሥራ ቀጥታ ስለምመጣ «8 ሰዓት ላይ መሳፈሪያው ጋ እንገናኝ» ብዬ ጻፍኩላት። ትኬቱ ላይ ያለው 20:00 ነው። እሷ ደግሞ በአገር ቤት አቆጣጠር 8 ሰዓት አለችና በጠራራ ፀሐይ መጥታ ቆመች። ስልኳ ኢንተርኔት ስላልነበረው ልትደውልልኝ አልቻለችም። እኔ ስደርስ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ስድስት ሰዓት ሙሉ ጠብቃኛለች። እስካሁን ሳስበው ያመኛል።

ስለዚህ ለእናትሽ ስትነግሪያቸው በእኛ አቆጣጠር ንገሪያቸው፤ 19:00 ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው። ብቻቸውን እንዲመጡም አታድርጊ። ደግሞ የኦክቶበር የመጨረሻው እሁድ አውሮፓ ውስጥ ሰዓት በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ የሚመለስበት ቀን ነው። የምትወጡበት ቀን ነው ማለት ነው። ቅዳሜ ማታ ስትተኙ አስቢው፤ የበረራሽንም ሰዓት እይ።

ነርስ ነኝ

ውሃ መፍራታቸውን አይቼ ነው የጻፍኩት። ሴን ወንዝ እንደ ባሕር አይናወጥም። ጀልባዎቹ ረጅምና ሰፊ ናቸው፣ ፍጥነታቸውም ዝግ ያለ ነው። የሚያስደነግጠው ገና ሲሳፈሩ ነው። ሌላ ጀልባ በአጠገብ ሲያልፍ ማዕበሉ መሸጋገሪያውን ትንሽ ከፍ ዝቅ ያደርገዋል። ያን ጊዜ እግራቸውን ሊያነሱ ከነበረ ይደነግጣሉ። አንቺ ቀድመሽ ግቢና ዞረሽ እጃቸውን ያዢ። ቆም ብለው ማዕበሉ እስኪያልፍ ይጠብቁ። የሚያስቸኩል ነገር የለም።

ወደ ውሃው ስትወርዱ ክንዳቸውን ያዢ፤ ወንዙ ዳር ያለው ንጣፍ ኮብልስቶን የሆነበት ቦታ አለ፣ ሲዘንብ ያንሸራትታል። ተረከዝ ያለው ጫማ ቤት ይቅር።

ብርዱ ከምትገምቺው በላይ ነው። ከተማው ውስጥ ቀለል ያለ ጃኬት ቢበቃም ክፍት የሆነው ላይኛው ፎቅ ላይ ነፋሱ በቀጥታ ነው የሚመታው። የታችኛው ክፍል በመስታወት የተዘጋ ነው፤ እዚያ ይቀመጡ። ጋቢ ካላቸው ይያዙ። ኮፍያና ካልሲም እንዳይረሳ። ጉልበት የሚያመው ሰው ብርድ ሲነካው ይብስበታል።

የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ በሰዓቱ ይውሰዱ፤ ሽርሽር ነው ብለው እንዳይዘሉት። መጸዳጃ ቤት ደግሞ ከሆቴል ሳትወጡ።

ቤቲ

እኔ ለእናቴ 60ኛ ዓመት እራት ያለበትን ወስጃት በጣም ነው የወደደችው። ሙቀት አለው፣ ወንበርሽ የተያዘ ነው፣ ማንም አይጋፋሽም። አቅሙ ካለሽ አስቢው።

የፓሪሱ

ቤቲ፣ ለልደት ከሆነ እስማማለሁ። እዚህ ግን እናቷ የሚሳፈሩት ከተማውን ለማየት ነው። እራቱ ላይ ውስጡ ብርሃን ስለሆነ መስታወቱ ያንጸባርቃል። ሳህን ሲመጣ ሳህን ሲሄድ ኖትርዳም ታልፋለች። ዋጋውም የተራውን ብዙ እጥፍ ነው። ተራው ይበቃል። ከዚያ ወርዶ ተረጋግቶ መብላት ይቻላል።

የእማዬ ልጅ (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የ19:00ውን ከአልማ እይዛለሁ። ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። ማብራሪያው በአማርኛ የለም መቼም፤ እማዬ ፈረንሳይኛም እንግሊዝኛም አትሰማም፣ ምን ላድርግ? ዝናብ ቢዘንብስ?

ካሜራ ያዥ

በአማርኛ የለም። ሁሉንም ልተርጉም ካልሽ ግን እሳቸውም አያዩም፣ አንቺም አታዪም። አራት ነገር መርጠሽ ቀድመሽ ሆቴል ውስጥ ንገሪያቸው። እኔ የምመርጠውን ልንገርሽ። አሌክሳንደር ሦስተኛ ድልድይ፣ በ1900 ለዓለም ትርዒት የተመረቀው፤ በወርቅ የተለበጡት ሐውልቶች ማታ ያበራሉ። ፖን ኔፍ፤ ስሙ «አዲስ ድልድይ» ማለት ነው፣ ግን ፓሪስ ውስጥ ካሉት ሁሉ አሮጌው እሱ ነው፤ በ1607 ነው ያለቀው። ኖትርዳም፣ ግንባታዋ በ1163 የተጀመረው። ከዚያ ታወሩ።

ኖትርዳም ላይ የምታሳያቸው ሹሉን ጫፍ ይሁን። ኤፕሪል 15 ቀን 2019 ሲቃጠል በቴሌቪዥን ሲወድቅ ያየነው እሱን ነው። ቅርጹን ሳይቀይሩ በእንጨት መልሰው አቁመውታል። ቤተ ክርስቲያኑ የተከፈተው ዲሴምበር 2024 ላይ ነው። ሲመሽ ጫፉ ላይ ያለው የዶሮ ቅርጽ ላይታያቸው ይችላል፤ ቀን ደግሞ ውሰጃቸው። መግቢያው ነፃ ነው። ሰልፍ ለመቀነስ ከድረ ገጹ ላይ ሰዓት መያዝ ይቻላል፤ እሱም ነፃ ነው።

የፓሪሱ

ዝናብ ጀልባውን አያስቀረውም፤ ታች ትቀመጣላችሁ። የሚያስቀረው የወንዙ መሙላት ነው። ውሃው ከፍ ሲል ጀልባው በድልድዮቹ ሥር ማለፍ ያቅተዋል፣ ጉዞውም ይቋረጣል። በኦክቶበር የተለመደ አይደለም። ቢሆንም በዕለቱ ጠዋት ድረ ገጹን እይ።

አልማ ድልድይ ሥር የቆመ የወታደር ሐውልት አለ፣ ዙዋቭ ይሉታል። የከተማው ሰው የውሃውን ልክ የሚያየው በእሱ ነው። እግሩ ሲነከር «ውሃው መጣ» ይባላል። በ1910 ጎርፍ እስከ ትከሻው ደርሶ ነበር። እናትሽ ውሃ ስለሚፈሩ እግሩ ደረቅ መሆኑን አሳያቸው፤ ልባቸው ይረጋጋል።

በመጀመሪያው ቀን ያዢው፣ ለመጨረሻው ማታ አታቆይው። አንዱ ማታ ቢበላሽ ሌላ ይኖርሻል። ታወሩ አካባቢ ደግሞ ኪስ አውላቂ አለ፤ ቦርሳሽ ከፊትሽ ይሁን።

የእማዬ ልጅ (ጠያቂ)

ተመልሰናል። ሌላ ሰው ቢጠቅመው ብዬ ልጻፍ።

ሐሙስ ደክሟት ነበር፤ ዓርብ ሄድን። ታክሲው እታች ድረስ አወረደን። 18:30 ደርሰን አጠገባችን ያለውን ሰልፍ ያዝን፤ ለ19:00 በቂ ነበር። ዙዋቩን አሳየኋት። ጫማው ደረቅ ነው። ትክ ብላ አይታው «እሺ» አለችና ክንዴን ያዘች። መሸጋገሪያው ላይ እንደተባለው ማዕበል መጣ፤ ቆም ብለን አሳለፍነው።

መጀመሪያ ታች በመስታወቱ በኩል ተቀመጥን። እጇ ወንበሩን ጨብጦ ነበር። አሌክሳንደር ድልድይ ሥር ስንገባ ድምፁ ሲለወጥና ጣሪያው ራሳችን ላይ ሲመጣ ዓይኗን ጨፈነች። ሦስተኛው ድልድይ ላይ ግን ቀና ብላ ድንጋዩን ስታይ አየኋት።

ኖትርዳም ሲቃረብ «ወደ ላይ አውጪኝ» አለች። ደረጃው ጠባብ ነው። መውጣቱ ብዙም አልከበዳትም። ጋቢዋን ተከናንባ መደገፊያውን ይዛ ቆመች። ጫፉን በጣቴ አሳየኋት። «ይሄ ነው የወደቀው?» አለች። አዎ ስላት አማተበችና ዝም አለች። ጀልባው ደሴቷን እስኪያልፍ አልተናገረችም።

መውረዱን ፈርቼው ነበር። ሌላው ሰው ሁሉ ወርዶ እስኪያልቅ ላይ ቆየን፤ ከዚያ እኔ ከፊቷ ሆኜ በአንድ እግር በአንድ እግር ወረድን። ሠራተኞቹ አልተቆጡንም። እንዲህ ያለ ሰው ይዞ የሚሄድ አይቸኩል።

ታወሩ 20:00 ላይ በትክክል ተብለጨለጨ፤ ጀልባው ላይ ያለው ሰው ሁሉ ጮኸ። እማዬ ግን ፊቷን ወደመጣንበት አዙራ «ቤተ ክርስቲያኑ ከዚህ አይታይም?» ትለኛለች።

እሁድ በረራችን ማታ ነበር። ሰዓቱም ወደ ኋላ ስለተመለሰ ጠዋት አንድ ሰዓት ተረፈን። ሄደን ገባን። እማዬ ሻማ አበራች፣ ለእናንተም ጭምር።